የጃፓን መናፍስት፦ ከሥነ ቃል ወደ ሥዕላዊ ልቦለድ

«ዮካይ» የሚባሉት የጃፓን መናፍስት በሕዝቡ ሥነ ቃል ለብዙ ዘመናት ሲነገርላቸው ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1776 ሠዓሊው ቶሪያማ ሴኪየን በመጽሐፍ አሰባስቦ ሣላቸው። ከ1868 ወዲህ ዘመናዊ ትምህርት ሲስፋፋ ግን ፈላስፋው ኢኖዌ ኤንርዮ አጉል እምነት ናቸው ሲል ተነሣባቸው።

በ1922 የተወለደው ሚዙኪ ሺገሩ ተረታቸውን በልጅነቱ ከአንዲት አሮጊት ሰምቶ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘምቶ ግራ እጁን ያጣው ይህ ሠዓሊ፣ በቀረችው እጁ የመናፍስቱን ልጅ የኪታሮን ታሪክ ሣለ፤ ታሪኩም በ1965 በሳምንታዊ የልጆች መጽሔት፣ በ1968 ደግሞ በቴሌቪዥን ቀረበ።

ኪታሮ ሰውና መናፍስት በሰላም እንዲኖሩ የሚታገል በመሆኑ፣ አንባቢ ከፍርሃቱ ይበልጥ ርኅራኄውን ይወድለታል። እንግዲህ ትምህርት እምነቱን ቢሽርም፣ በመናፍስት መኖር የማያምነው ትውልድ የአያቶቹን ምናብ በኪነ ጥበብ አማካይነት በደስታ ለመውረስ በቃ።