የወፍራሙ ክር ዕጣ

በአዲስ አበባ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሠርቶ ስሙ ጥቂት የተነሣ መሣሪያ ቢኖር ቤዝ ጊታር ነው። ድምፃዊው በስሙ ይታወሳል፤ ሳክስፎን ነፊው፣ ኦርጋን ተጫዋቹ በየጊዜው ይወደሳሉ። ከሁሉም በታች ሆኖ ዜማውን የሚሸከመው ባለ አራት ክር መሣሪያ ግን እንደ ቤት መሠረት ነው፤ ቤቱ እስካልተናጋ ድረስ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ለዚህ መረሳት አንዱ ምክንያት የመስሚያው ጉዳይ ነበር። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይረገጥ ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን ያህል የወረደ ድምፅ በትንሿ የትራንዚስተር ሬዲዮ ጉሮሮ በቅጡ ሊወጣ አይችልም። እንግዲህ ሙዚቃውን በሬዲዮ የተከታተለው ሰው የቤዙን ጥላ እንጂ አካሉን አልሰማም፤ አካሉን ያወቀው በአዳራሹ ተገኝቶ ወለሉ ከእግሩ ሥር ሲንቀጠቀጥ የተሰማው ነው።

የወረደ ድምፅ ለአገሩ ጆሮ እንግዳ ሆኖ አልመጣም። በገና በዐሥር አውታሮቹ ከጥንት ጀምሮ የጥልቅ ድምፅ ባለቤት ነው። በአውታሩና በማረፊያው መካከል የሚገቡት፣ እንዝራ የሚባሉት ቁራጭ ቆዳዎች ለድምፁ ያንን የሚታወቅ ንዝረት ይሰጡታል። አዲሱ ነገር ኤሌክትሪኩ ነበር።

የኤሌክትሪክ ቤዝ የተወለደው በአሜሪካ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ በፊት ሙከራዎች ቢኖሩም፣ በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ ሊዮ ፌንደር የተባለው የሬዲዮ ጠጋኝ በ1951 ያወጣው “ፕሪሲዥን ቤዝ” መሣሪያውን ለዓለም አስተዋወቀ። ሰውን የሚያህለውን ኮንትራባስ ተሸክሞ ከከተማ ከተማ ለሚንከራተት ሙዚቀኛ ይህ ትልቅ እፎይታ ነበር። አንገቱ ላይ የተተከሉት ፍሬቶችም ጣቱ ትክክለኛውን ድምፅ እንዳይስት አደረጉ፤ የመሣሪያው ስም የመጣውም ከዚሁ ነው። በጀርመን የሆፍነር ኩባንያ የቫዮሊን ቅርፅ ያለውን ቤዝ ሠራ። የፌንደር ኩባንያ ደግሞ በ1965 መጀመሪያ ለሲ.ቢ.ኤስ. ተሸጠ። ዛሬ ሰብሳቢዎች “ከሽያጩ በፊት” እና “ከሽያጩ በኋላ” እያሉ ዘመን የሚቆጥሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

አዲስ አበባ ከዚህ ሁሉ ብዙ አልዘገየችም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጄት መቀበል የጀመረው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሰውን ብቻ ሳይሆን አዲስ ድምፅንም ወደ ከተማዋ ያስገባ በር ሆነ። እስከዚያ ድረስ ዘመናዊው ሙዚቃ በብዛት የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊት፣ የፖሊስ ሠራዊትና የቴአትር ቤቶች ትልልቅ ኦርኬስትራዎች ሥራ ነበር። ኤሌክትሪኩ ሲመጣ ግን ጥቂት ሰዎች የብዙዎቹን ቦታ መሸፈን ቻሉ፤ የሆቴልና የምሽት ክበብ ባንዶች ዘመንም ተከፈተ። አምሐ እሸቴ ከ1969 እስከ 1975 ያሳተማቸው ሸክላዎች የዚህ ዘመን ምስክሮች ናቸው።

በሸክላዎቹ ላይ ቤዙን በጥሞና የሚከተል ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። ከበሮው በስድስት ምት የቺክቺካን እግር ሲረግጥ ቤዙ እሱን እየደገመ አይሄድም፤ በመካከሉ ክፍተት እየተወ፣ አንዳንዴ ቀድሞ አንዳንዴ ዘግይቶ ይገባል። የትዝታ ወይም የባቲ አምስት ድምፆች ከላይ ሲንሳፈፉ ከታች የሚይዛቸው እሱ ነው። በ1975 የወጣው የመሐሙድ አህመድ “ኧረ መላ መላ” በአይቤክስ ባንድ አጃቢነት የተሠራ ነው። የአይቤክስ፣ ኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ በ1980ዎቹ ከአንድ ትውልድ ድምፃውያን ካሴቶች በስተጀርባ ቆሟል። በሂልተን ሆቴል ለዓመታት በተጫወተው በዋሊያስ ባንድ ውስጥ ይህን ቦታ የያዘው መላኬ ገብሬ ነበር።

መሣሪያው የማን ነበር? ለታሪኩ ትልቁ ጥያቄ ይህ ነው። የኦርኬስትራው መሣሪያ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በክበቡም ቢሆን ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ባለ ክበቡ ነበር። ተጫዋቹ ሌሊቱን ሙሉ ያቀፈውን ጊታር ንጋት ላይ ለሌላ ሰው ቁልፍ አስረክቦ ይወጣል። ከ1974 በኋላ የሰዓት እላፊ ዓመታት መጡ፤ አንዳንዱ ቤት እንግዶቹን ከሰዓት እላፊ እስከ ሰዓት እላፊ እየቆለፈ አስጨፈረ። ክበብ ሲዘጋ፣ ባንድ ሲበተን፣ ዕቃው ከባለቤቱ ጋር ሄደ እንጂ ከተጫዋቹ ጋር አልቀረም። ዋሊያስ በ1981 ለኮንሰርት ወደ አሜሪካ በተጓዘ ጊዜ ኃይሉ መርጊያ፣ ግርማ በየነ፣ ሞገስ ሀብቴና መላኬ ገብሬ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። ባንድ እንዲህ ለሁለት ሲከፈል መሣሪያውም ታሪኩን የሚናገርለት ሰው ያጣል። በ1990ዎቹ ደግሞ የአንድ ሰው ኪቦርድ ከበሮውንም ቤዙንም ጠቅልሎ ሲይዝ፣ የቀረውም ቤዝ ከነሳጥኑ ወደ ዕቃ ቤት ተገፋ። ለጆሮ ይህ ትንሽ ኪሳራ አልነበረም።

ሸክላው ዕድለኛ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ ያዘጋጃቸው የ“ኢትዮፒክስ” ጥራዞች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዚያን ዘመን ቅጂዎች ለዓለም አዳረሱ። የኃይሉ መርጊያ የ1985 ካሴት ባሕር ዳር ከሚገኝ ሱቅ በአንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ተገዝቶ በ2013 እንደገና ታተመ። ድምፁ እንዲህ ሲፈለግ ድምፁን የወለደው እንጨት አልተፈለገም። በሌላው ዓለም ነገሩ ከዚህ የተለየ ነው፤ በ1972 ለንደን ውስጥ የተሰረቀው የፖል ማካርትኒ ሆፍነር በፈላጊዎች ጥረት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ተገኝቶ ወሬው በ2024 ይፋ ሆኗል።

አሮጌ ቤዝ ማደስ የራሱ ሥርዓት አለው። ዕድሜው የሚታወቀው ቀለሙን በማየት አይደለም፤ አንገቱ ከገላው ሲነቀል ተረከዙ ላይ ቀን ተጽፎ ሊገኝ ይችላል፤ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጀርባ የታተመው ቁጥርም የተሠራበትን ዓመትና ሳምንት ይናገራል። በፒክአፑ ማግኔት ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ከጸጉር ብዙም የማይወፍር ስለሆነ አንድ ቦታ ከተበጠሰ መሣሪያው ዲዳ ይሆናል፤ እንደገና በሺህ ጊዜ መጠምጠምን ይጠይቃል። በአዲስ አበባ በክረምትና በበጋ መካከል ያለው የእርጥበት ልዩነት እንጨትን ያናድዳል፦ በሐምሌ የሚያብጥ አንገት በጥር ደርቆ ይሸበሸባል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ ወጥቶ እጅ ይቧጭራል። በአንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ብረት ዘንግ በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅና ማላላት ያስፈለገው ለዚህ ነው። የማጉያው ነገርማ የታወቀ ነው፤ ለአሜሪካ 110 ቮልት የተሠራው በከተማችን 220 ቮልት ላይ ያለ ትራንስፎርመር ከተሰካ ሙዚቃው ጢስ ሆኖ ይቀራል።

የሙግቱ ቦታ ሌላ ነው። በውጭው ገበያ ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጣው ሳይነካ የኖረ መሣሪያ ነው፤ ቀለሙ የታደሰ ቤዝ ዋጋው በግማሽ ያህል ይወርዳል ይባላል። ከአልጋ ሥር ለኖረ ጊታር ይህ ሚዛን ሊሠራ ይችላል። ለዓመታት ሌሊት ሌሊት ሲመታ ለኖረ የአዲስ አበባ ቤዝ ግን አይሠራም። የእሱ ክብር መነካቱ ላይ ነው። በሌላ መሣሪያ ብሎን የተተካ ብሎን፣ በእጅ የተቀረፀ የክር ማረፊያ፣ ባልተመሳሰለ ቀለም የተደፈነ ስንጥቅ ካለው፣ መለዋወጫ በማይገኝበት ዘመን መድረኩን ዝም ላለማሰኘት የተከፈለ ድካም ነው። እነዚህን ጥሎ ከባሕር ማዶ በመጣ ዕቃ መተካት ማደስ ሳይሆን መፋቅ ነው። ተጫዋቹን ያየ ሁሉ ደግሞ ሌላም ነገር ያውቃል፦ ፍሬት እኩል አይበላም። በብዛት የተረገጠው ይጎደጉዳል፤ ያልተረገጠው እንደ ነበረ ይቆያል። የተበሉትን ፍሬቶች የቆጠረ ሰው ያ ባለሙያ በየትኛው ቁልፍ፣ በየትኛው ቅኝት አዘውትሮ ይጫወት እንደነበረ ፍንጭ ያገኛል፤ ይህን ሸክላውም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይነግረውም።

በቦሌ፣ በገርጂ፣ በመገናኛ በኩል አሮጌው ቤት እየፈረሰ ሕንፃ ሲቆም ዕቃ ቤቱም አብሮ ይራገፋል። ክዳኑ የላላ ረጅም የጊታር ሳጥን ከዚያ ሲወጣ፣ ጠጋኙ ጨርቅና ዘይት ከማንሣቱ በፊት ፎቶግራፍ ያንሣው፤ የተበሉትን ፍሬቶች አንድ በአንድ ይመዝግብ። አዲስ ፍሬት መትከል ግድ ከሆነም የነቀላቸውን አሮጌዎች በየተራቸው ቁጥር ሰጥቶ፣ በወረቀት ጠቅልሎ እዚያው ሳጥኑ ውስጥ ያኑራቸው።