ከወፍጮ ድንጋይ እስከ መክተፊያ መኪና

የመንግሥታት ታሪክ በዙፋንና በጦር ሜዳ ይጻፋል፤ የቤት ታሪክ ግን በማድ ቤት ዕቃ ላይ ተጽፎ ይገኛል። አንድ ሕዝብ ምን ይበላ እንደ ነበር ብቻ ሳይሆን፥ እንዲበላ ማን ይደክምለት እንደ ነበር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ወፍጮውን፥ ሙቀጫውንና ቢላዋውን ይመርምር። ዛሬ በብዙ የከተማ ቤቶች የሚታየው፥ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚከትፈውና የሚፈጨው ፉድ ፕሮሰሰር የተባለው መኪና የዚሁ ረጅም ታሪክ የቅርብ ጊዜ ምዕራፍ ነው።

በግብፅ መቃብሮች የተገኙ፥ ከ4,000 ዓመት በላይ የሆናቸው ትናንሽ ምስሎች ሴት ተንበርክካ በድንጋይ ላይ እህል ስትፈጭ ያሳያሉ። በኦሪት ዘጸአትም በዙፋን ከተቀመጠው ከፈርዖን አንጻር ዝቅተኛ ሆና የተጠቀሰችው ከወፍጮ ኋላ ያለችው ገረድ ናት። ሁለቱም ምስክሮች የሚነግሩን አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ወፍጮ የሴት፥ ይልቁንም የድኻይቱ ሴት ዕዳ እንደ ነበረ ነው።

በአገራችንም ሴቶች ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥተው፥ በወፍጮው ላይ ተደፍተው መጁን እየገፉ፥ ድካማቸውን በእንጉርጉሮ እያስረሱ ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ጦር በዘመተ ጊዜ ስንቅ ተሸክመው የተከተሉ፥ በሰፈሩበትም ፈጭተውና ጋግረው ሠራዊቱን የመገቡ እነርሱ ናቸው። በባለጸጎች ቤት ደግሞ ይህ ሥራ በባሪያ ጫንቃ ላይ ይወድቅ ነበር፤ ባርነት በዐዋጅ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የወፍጮ መኪና እየተስፋፋ በሄደ መጠን እህል መፍጨት ከቤት ወጣ። ይሁን እንጂ ሽንኩርት መክተፍ፥ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መውቀጥ፥ በርበሬ መደለዝ በቤት ቀረ።

ወደ ውጭ አገር ስንመለከት፥ የማድ ቤት ሥራ በኤሌክትሪክ መኪና የተተካው በአንድ ጊዜ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ዓ.ም. ኪችንኤድ የተባለው መምቻና ማሺያ መኪና በአሜሪካ ለቤት አገልግሎት ቀረበ። በ1922 ዓ.ም. ስቲቨን ፖፕላውስኪ ከሥሩ ስለት የሚሽከረከርበትን የመጠጥ መቀላቀያ ሠራ። ነገር ግን ይህ ለፈሳሽ እንጂ ደረቁን ነገር ለመክተፍ የሚበቃ አልነበረም። ይህን ጉድለት የሞላው ፒየር ቬርዳን የተባለ ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው ለምግብ ቤቶች ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ ስለ ነበረ፥ ወጥ ቤቶች ከቀኑ ብዙውን ሰዓት በመክተፍና በመላጥ እንደሚያሳልፉ ተመለከተ፤ በ1960ዎቹም ዓመታት ሮቦ ኩፕ የተባለው መኪና ለምግብ ቤቶች ተሠራ። ከዚያ በኋላ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማዢሚክስ በሚል ስም ለቤት የሚሆን ታናሽ መኪና ወጣ። ካርል ሶንታይመር የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን አሳብ ከፈረንሳይ ወስዶ አሻሻለና በ1973 ዓ.ም. በቺካጎ ትርዒት ላይ ኩዊዚናርት ብሎ አቀረበው። መጀመሪያ ገዢው ጥቂት ነበር፤ ኋላ ግን እነ ጄምስ ቢርድና ጁሊያ ቻይልድን የመሰሉ የባልትና ሊቃውንት ስላመሰገኑት በብዙ ቤት ገባ።

የመኪናው አሠራር ቀላል ነው። ከሥሩ ሞተር፥ ከላዩ ጎድጓዳ ሳሕን፥ በሳሕኑ ውስጥ የሚሽከረከር ስለት፥ በክዳኑም ላይ ምግቡ የሚወርድበት ቧንቧ አለው። ስለቱን በልዩ ልዩ ክብ ብረት በመለወጥ መቈራረጥም መፈቅፈቅም ይቻላል። ለበዓል ዶሮ ወጥ የሚሆነውን ያን ሁሉ ሽንኩርት ዐይን እያነባ በቢላዋ ከመክተፍ ያድናል። ሆኖም ባልትና የምታውቅ ሴት ለመኪናው ሁሉን አትለቅም። ቁልፉን ጫን ለቀቅ እያደረጉ ካላስኬዱት ሽንኩርቱ ይላምና ውኃውን ይለቃል፤ ለመቁላላትም ብዙ ጊዜ ይፈጃል። ብዙ ደረቅ በርበሬ ዛሬም ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። አንዲት ራስ ነጭ ሽንኩርት ለመፍጨት ሳሕኑን፥ ክዳኑንና ስለቱን ሁሉ ማጠብ ስለሚያስፈልግ፥ ለጥቂት ነገር ሙቀጫው ይቀላል። መብራት በጠፋ ጊዜም ዘነዘና ከተቀመጠበት ይነሣል።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ መኪናው የማንን ድካም አቃለለ? የሚለው ነው። ሩት ሽዋርትዝ ካዋን የተባሉት አሜሪካዊት የታሪክ ሊቅ በ1983 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፥ ብዙዎቹ የቤት መሣሪያዎች ያስቀሩት ባልና ልጆች ያግዙ የነበረውን ሥራ ነው። እንጨት ፈላጩና ውኃ ቀጂው አረፉ፤ እናት ግን በአዲሱ መሣሪያ ይበልጥ የጠራ ቤትና የበዛ ዐይነት ምግብ ስለሚፈለግባት ሥራዋ አልጐደለም። ይህ ነገር በእኛም ቤት ሊመረመር ይገባዋል። ሽንኩርቱ በሁለት ደቂቃ ስለ ተከተፈ፥ በአንድ ወጥ ፋንታ ሦስት ወጥ ከታዘዘ፥ እመቤቲቱ ወይም ሠራተኛይቱ ምን አተረፈች?

ከዚህ የተነሣ መኪናውን ማመስገን ተገቢ ቢሆንም፥ ከአቅሙ በላይ ተስፋ ልናደርግበት አይገባም። ስለቱ ሽንኩርት ይከፋፍላል፤ ሥራን ለቤተ ሰው የሚያከፋፍሉት ግን ባልና ሚስት፥ ወንድና ሴት ልጆች ተመካክረው ነው። መምህራንም ስለ ሥልጣኔ ሲያስተምሩ ከባቡርና ከአውሮፕላን ጋር መጁንና ዘነዘናውን ቢጨምሩ፥ ተማሪው የአያቱን ድካም ያውቃል፤ የእናቱንም ለማቃለል እጁን ይዘረጋል።