የአቦሪጂናል ማኅበረሰብ መር የሕፃናት አስተዳደግ ድጋፍ

በአውስትራሊያ የአቦሪጂናል ማኅበረሰቦች ራሳቸው የሚመሩት፣ ከእርግዝና ጀምሮ እስከ ትምህርት ቤት መግቢያ ድረስ ወላጆችንና ሕፃናትን የሚያግዝ አገልግሎት ነው።

መነሻው መራር ነው። የአገሪቱ ባለሥልጣናት እስከ 1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ብዙ የአቦሪጂናል ሕፃናትን ከወላጆቻቸው እየነጠቁ ለማሳደጊያ ተቋማትና ለነጭ ቤተሰቦች ሰጥተዋል፤ በ1997 የወጣ ብሔራዊ የምርመራ ዘገባ በደሉን ዘርዝሯል።

በ1981 የተቋቋመው ስኔክ የተባለ ድርጅት የአቦሪጂናል ሕፃናት ብሔራዊ ድምፅ ሆኖ ይሠራል። በአሊስ ስፕሪንግስ ደግሞ በ1973 የተመሠረተው ኮንግረስ የተባለ የማኅበረሰቡ ጤና ድርጅት አለ። በዚህ ድርጅት አገልግሎት ነርስና የአቦሪጂናል ማኅበረሰብ ሠራተኛ ነፍሰ ጡሯን ቤቷ ድረስ ሄደው ያግዛሉ፤ ክትትሉ ሕፃኑ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ይዘልቃል። አያቶችና አክስቶችም በአስተዳደጉ ድርሻ አላቸው።

የ2020ው ብሔራዊ ስምምነት ከቤተሰባቸው ተለይተው የሚያድጉ የአቦሪጂናል ሕፃናትን ከሌሎች ሕፃናት አንጻር ከፍ ያለ ምጣኔ እስከ 2031 በ45 በመቶ ለመቀነስ ግብ አስቀምጧል።