ከሥራው የተነሣ ትምህርት፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ፕሮግራም

የአንድ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮግራም ሲሰናዳ ሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው፥ በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠውን ትምህርት እንዳለ ማምጣት ነው። ሁለተኛው፥ ተመራቂው ነገ የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ መርምሮ ትምህርቱን በዚያው ልክ መደልደል ነው። በአገራችን ለሁለተኛው መንገድ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1954 በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ በሺሕ የሚቈጠር ሕዝብ ጨርሶ ነበር። በዚያን ዘመን በአገሩ የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች ነበሩ፤ እነርሱም ይልቁን በከተማ የተቀመጡ ነበሩና፥ ሐኪም እስኪበዛ ድረስ ገጠሩ ይጠብቅ ማለት የማይሆን ነገር ነበር። ስለዚህ መንግሥት ከአሜሪካ መንግሥት፥ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከዩኒሴፍ ጋር ተባብሮ ኮሌጁን አቋቋመ።

ፕላኑ የተነሣው በገጠር ጤና ጣቢያ ከሚጠብቀው ሥራ ነው። በዚህም መሠረት ሦስት ዐይነት ባለሙያ ተመደበ፤ ይኸውም በሽተኛን የሚያክምና ጣቢያውን የሚመራ ጤና መኮንን፥ እናቶችንና ሕፃናትን የምትከታተል የሕዝብ ጤና ነርስ፥ ውሃውንና መጸዳጃውን የሚቈጣጠር ሳኒቴሪያን ናቸው። ሦስቱ በአንድ ኮሌጅ ተምረው፥ በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው ሥራውን እየሠሩ ይለማመዱ ነበር። ይህ አሠራር ለጎንደር እንግዳ አይደለም፤ በዚያው ከተማ አቋቋም የሚማር ሰው ያጠናውን የሚያሳየው ከጓደኞቹ ጋር በማኅሌት ቆሞ ነውና።

ጕድለት ግን አልታጣም። ከጤና መኮንኖቹ ብዙዎቹ ኋላ ሐኪም ለመሆን ትምህርታቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በጎንደር የሐኪሞች ትምህርት ሲጀመርም የጤና መኮንኖች ሥልጠና ተቋረጠ፤ እንደገና የተጀመረው በ1990ዎቹ ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንረዳው ይህን ነው፤ ፕሮግራሙ የአገሩን ሥራ በሚገባ ለክቷል፤ የሠራተኛውን የወደፊት መንገድ ግን አልለካም። የትምህርት ፕሮግራም የሚያሰናዳ ሁሉ ተማሪው ምን ሊሠራ እንደሚሄድ ብቻ ሳይሆን፥ ከዚያ ወዴት ሊደርስ እንደሚችልም አብሮ ሊያስብ ይገባዋል። አለዚያ ዛሬ ለገጠሩ ያዘጋጀነው ሰው ነገ ገጠሩን ትቶ ይሄዳል።