የወርቅ ቤቱ ጓዳ

ስለ ፒያሳ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ሕንጻው፣ ሲኒማውና ቡና ቤቱ ነው። እኛም ከዚህ ሱስ ነፃ አይደለንም። እስኪ ዛሬ ደግሞ ከመስታወቱ ጀርባ ወዳለችው ጓዳ እንዝለቅ።

አራዳ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ገበያ ነው። «ፒያሳ» የሚለው ስም የመጣው ከ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ወረራ ጋር ነው። ወርቅ ቤትና ፎቶ ቤት የሰፈሩ መታወቂያዎች ሆኑ፤ ሙሽራ ቀለበቱን ከአንዱ ገዝቶ ከሌላው ፎቶ ይነሳል። ሁለቱም ቤቶች ታዲያ ከፊት ብርሃን፣ ከኋላ ኬሚካል ነበራቸው።

ወርቁን እናስቀድም። ወርቅ በናይትሪክ አሲድ ሲጣራ አሲዱ ብሩንና መዳቡን ያሟሟል፤ ወርቁን አይነካም። ያን ጊዜ ቀላ ያለ ቡናማ ጭስ ይወጣል። ዓይን ደግሞ እርጥብ ነው፤ ጭሱ እርጥበቱን ሲያገኝ ተመልሶ አሲድ ይሆናል። ያቃጥላል፣ ያስለቅሳል። ጠብታው ራሱ ከገባማ ብሌኑን እስከ ማጎሽ ይደርሳል።

አሲድን ሁሉም ይፈራል። ጌጥ የሚታጠብበትን አሞኒያ ግን ማን ይፈራል? ለዓይን የሚብሰው እሱ ነው። አሲድ የዓይኑን ገጽ ስለሚያረጋው በከፊል መንገዱን ራሱ ይዘጋል፤ አሞኒያ ግን ገጹን እየበላ ወደ ውስጥ ይዘልቃል።

ፎቶ ቤትስ? ከቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ ከአርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ዘመን ጀምሮ ፎቶ ሲታጠብ የኖረው በጨለማ ክፍል ነው። ለማጠቢያነት ከሚያገለግሉት አንዱ ሃይድሮኩዊኖን ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ይህን ዱቄት በሚያመርቱ ሠራተኞች ላይ ሐኪሞች የብሌን ቡናማነት አዩ፤ አንዳንዶቹ ሥራውን ከተዉ ከዓመታት በኋላ እንኳ የማየት አቅማቸው ቀነሰ። የፎቶ ቤት መጠን ከፋብሪካ ጋር አይወዳደርም፤ ይህን ሳንናገር አናልፍም።

የአሜሪካኖቹ ዓይን ተመርምሮ ተጻፈ። የኛዎቹስ? አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው መከላከያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ነገር ግን ሕጉ ለራሱ ንግድ በራሱ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው አይመለከትም፤ በግሉ ወርቅ የሚያነጥረው ባለሙያ ማንን ይጠይቅ? የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በ1995 ዓ.ም. ሲቋቋም ብሌኑ ለተበላሸበት ሰው ተስፋ መጣ። ተስፋው ግን የሚጠቅመው ጉዳቱ ብሌኑ ላይ ሲቆም ነው፤ አሞኒያ ደግሞ እዚያ ላይቆም ይችላል። ለዚህ ነው ከባንኩም ከሐኪሙም በፊት ውኃ የሚቀድመው፦ ወዲያውኑ፣ የዓይን ቆቡን ገልጦ፣ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጡ ማፍሰስ፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መሮጥ።

በ2016 ዓ.ም. ብዙ የፒያሳ ቤቶች ፈረሱ። ሕንጻዎቹን ፎቶ ያነሳቸው ብዙ ነው፤ ጓዳዎቹን ያነሳ ግን አላየንም። አባታችሁ ወይም አያታችሁ እዚያ ወርቅ ይሠሩ፣ ፎቶ ያጥቡ ከነበረ፣ እስኪ ስለ ዓይናቸው ጠይቁልን።