የእንፋሎት ባቡር ዘመንና ፎቶግራፎቹ

(በሬዲዮ ከተነገረው)



የአገር ታሪክ የሚገኘው በነገሥታት አዋጅና በውል ወረቀት ብቻ አይደለም። በቤታችን መሳቢያ ውስጥ ከግብር ደረሰኝና ከትምህርት ቤት ወረቀት ጋር ተቀላቅሎ የተቀመጠ አንድ ትንሽ ፎቶግራፍም የታሪክ ምስክር ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ አንድ ዓይነት ፎቶግራፍ ነው፤ ይኸውም ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ይመላለስ የነበረው ምድር ባቡር ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ በተሻገረበት ዘመን፥ ሞያቸው ፎቶግራፍ ማንሣት ያልሆነ ሰዎች ለገዛ ደስታቸው ስላነሡት ነው። የነዚህን ፎቶግራፎች ጥቅም ለመረዳት ግን አስቀድሞ የባቡሩን ታሪክ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለመሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡሩን ሥራ የፈቀዱት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከሐረር ተራራ ግርጌ ደረሰ። እስከ ሐረር ለመውጣት ዳገቱም ወጪውም ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ ጣቢያው በሜዳው ላይ ተሠራ፤ በጣቢያውም ዙሪያ ድሬዳዋ ከተማ ተቆረቆረች። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጥሮት ሥራው ለጥቂት ዓመታት ቆመ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ውል ተደርጎ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ምድር ባቡር የተባለው ኩባንያ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1909 ዓ.ም. ባቡሩ አዲስ አበባ ገባ። የመስመሩ ርዝመት 784 ኪሎ ሜትር፥ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበር። ለገሃር ብለን የምንጠራው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው በ1922 ዓ.ም. ሲሆን፥ ስሙም በፈረንሳይኛ «ጣቢያ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ባቡሮች የሚሄዱት በእንፋሎት ኃይል ነበር። አንዳጁ በምድጃው እሳት ያነዳል፤ እሳቱ በጋኑ ያለውን ውሃ ያፈላል፤ ታምቆ የወጣው እንፋሎት ዘንጉን እየገፋ መንኰራኵሩን ያዞራል። ነገሩ ሲነገር ቀላል ቢመስልም በሥራ ላይ እጅግ አድካሚ ነበር። መስመሩ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳላት ወደ አዲስ አበባ ይወጣል፤ የሚያቋርጠውም ውሃ እንደ ልብ የማይገኝበትን በረሃ ነው። የእንፋሎት ባቡር ደግሞ እንደ ግመል ውሃ ሳይጠጣ ረጅም መንገድ ለመሄድ አይችልም። ስለዚህ ባቡሩ በየመንገዱ እየቆመ ውሃ መቅዳት ነበረበት። በዚያ ዘመን የመንገደኛ ባቡር በአብዛኛው የሚሄደው በቀን ብቻ ስለ ነበር፥ ከጅቡቲ የተነሣ ሰው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፥ ሁለተኛውን በአዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይደርስ ነበር።

በ1940ዎቹ ዓመታት ግን በናፍጣ የሚሠሩ፥ በስዊስ አገር የተሠሩ ባቡሮች መምጣት ጀመሩ። በነዚህ ባቡሮች የናፍጣው ሞተር ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ኤሌክትሪኩ መንኰራኵሩን ያዞራል። በየጣቢያው ለጋን የሚሆን ውሃ አይፈልጉም፤ ለመነሣትም ብዙ ሰዓት እሳት ሲነድላቸው መጠበቅ የለባቸውም። ይህ ለኩባንያው ትርፍ፥ ለመንገደኛውም ምቾት ነበር። ሆኖም ከእንፋሎቱ ጋር አንድ ሙሉ የሥራ ዓለም አብሮ አለፈ። ፊቱ በከሰል የጠቆረው አንዳጅ፥ ሌሊት ተነሥቶ እሳት የሚያቀጣጥለው፥ የጋኑን ውስጥ የሚፍቀው ሠራተኛ፥ ሁሉም ወይ ሌላ ሞያ ተማረ፥ ወይ ሥራውን ተሰናበተ።

ታዲያ ይህን ለውጥ ማን መዘገበው? አዲስ ነገር ሲመረቅ ባለሥልጣን ሪባን ይቈርጣል፤ ጋዜጠኛም ፎቶግራፍ ያነሣል። አሮጌው ባቡር ከሥራ ሲወጣ ግን ሪባን የሚቈርጥ የለም። ስለዚህ የአሮጌው ነገር ምስክር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ማንም ሳያዝዘው ካሜራውን ካነሣ ሰው ዘንድ ነው።

ሌላውን አገር ብንመለከት፥ በእንግሊዝ አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኢያን አለን የተባለ የአንድ ምድር ባቡር ኩባንያ ወጣት ጸሐፊ የባቡሮቹን ቍጥር የያዘች ትንሽ መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በኋላ በብዙ ሺሕ የሚቈጠሩ ወጣቶች በየጣቢያው እየቆሙ ያዩትን ባቡር ቍጥር መመዝገብና ፎቶግራፍ ማንሣት ያዙ። ብዙ ሰው ሥራ ፈትነት ነው ብሎ ይስቅባቸው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥት ምድር ባቡር በ1960 ዓ.ም. በዋናው መስመር ላይ እንፋሎትን ባቆመ ጊዜ ግን፥ የዘመኑ ሥዕል በብዛት የተገኘው ከነዚያው ወጣቶች እጅ ነው። በቅርባችንም በአሥመራና በምጽዋ መካከል ያለው መስመር ከታደሰ በኋላ፥ የጥንቱን የእንፋሎት ባቡር ለማየትና ፎቶግራፍ ለማንሣት ከባሕር ማዶ ድረስ የመጡ ሰዎች አሉ።

በእኛ አገር እንደ ቦያጅያን ቤተሰብ ያሉ ባለሞያ ፎቶግራፍ አንሺዎች ስማቸው የታወቀው በተለይ በቤተ መንግሥት ሥራቸው ነው። የምድር ባቡሩ የዕለት ኑሮ የሚታይባቸው ፎቶግራፎች ግን በመንገደኞች፥ በባቡር ሠራተኞችና በቤተሰቦቻቸው እጅ ተበትነው ቀሩ። ሁግ ፎንቴን የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ስለዚህ መስመር ያሳተመው መጽሐፍ፥ አሮጌ ፎቶግራፎች ተሰብስበው አንድ ላይ ሲታዩ ምን ያህል እንደሚናገሩ ያስረዳል። በ2010 ዓ.ም. ገደማም «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የተነሡ ወጣቶች ከየቤተሰቡ አልበም የተገኙ ፎቶግራፎችን ሰብስበው በመጽሐፍ አውጥተዋል። ሰዎች ከሣጥናቸው ያወጡትን ሲያካፍሉ የአንዱ ቤት ማስታወሻ የሁሉ ታሪክ ይሆናል።

ፎቶግራፍ የሚናገረው ግን ማንበብ ለሚያውቅበት ነው። በፉርጎው ጎን «ሴ ኤፍ ኤ» የሚሉ የፈረንጅ ፊደሎች ቢታዩ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ምልክት ነው፤ «ሴ ዴ ኤ» የሚሉ ቢሆኑ ግን ድርጅቱ በ1973 ዓ.ም. የጅቡቲና የኢትዮጵያ ከሆነ በኋላ የተጻፉ ናቸው። በለገሃር ፊት ለፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት የቆመው በ1923 ዓ.ም. በዘውድ በዓሉ ጊዜ ነው፤ ጣልያኖች ወደ ሮማ ወስደውት ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሷል። እንግዲህ አደባባዩ ያለ አንበሳው ቢታይ፥ ፎቶግራፉ ወይ ከ1923 በፊት፥ ወይ አንበሳው በስደት ሳለ የተነሣ ነው ማለት ነው። የጢስ መውጫው፥ የውሃ ማጠራቀሚያው፥ የሠራተኛው ልብስም እንደዚሁ ዘመን ይናገራሉ።

ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ የሚያዳምጠን ሰው፥ «ሐዲድ በሌለበት አገር ስለ ባቡር ፎቶግራፍ ማውራት ምን ይረባናል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው።

አንደኛ፥ የባቡሩ ታሪክና የጎጃም ታሪክ በአንድ ታላቅ ጕዞ ተገናኝተዋል። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ለስደት ከአዲስ አበባ የወጡት በባቡር ነው። በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ሲመለሱ ግን መንገዳቸው ጎጃም ነበረ። የጣልያን ጦር በየካቲት ወር ቡሬን ለቀቀ፤ ንጉሠ ነገሥቱም በጎጃም አልፈው ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገቡ። በሐዲድ የወጣው ስደተኛ በጎጃም የእግርና የበቅሎ መንገድ ተመለሰ። የፍኖተ ሰላምንም ስም ሽማግሌዎች ከዚሁ መመለስ ጋር ያያይዙታል።

ሁለተኛ፥ ፍኖተ ሰላም በባቡር ካርታ ላይ ተጽፋ ታውቃለች። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በተነገረው የአገሪቱ የምድር ባቡር ዕቅድ ውስጥ፥ ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በባሕር ዳር፥ በወረታ፥ በወልዲያና በሠመራ በኩል ኤሊዳር የሚደርስ የ734 ኪሎ ሜትር መስመር ነበረ። ሐዲዱ እስካሁን ፍኖተ ሰላም አልደረሰም። ነገ ቢደርስ ግን ከባቡሩ በፊት የነበረው አገር ምን ይመስል እንደ ነበር ልጆቻችን ይጠይቃሉ።

ሦስተኛውና ዋናው ይህ ነው። ጎጃምም የራሱ «የእንፋሎት ዘመን» አለው። ቡሬ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ወለጋ ለሚዘልቅ ነጋዴ መተላለፊያ ነበረች። ጨውና ቡና በበቅሎና በአህያ ጀርባ ይመላለስ ነበር፤ ሲራራ ነጋዴው በየሰፈሩ እያደረ ይጓዝ ነበር። ከዚያ የጭነት መኪና መጣ፤ ሲራራውም ቀረ። ለሲራራው መቅረትም ሪባን የቈረጠ አልነበረም። የባቡሩ አንዳጅና የቡሬው አህያ ነጂ ዕጣቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም አገር አገለገሉ፥ ሁለቱም ስማቸው ሳይጻፍ አለፉ።

ጊዜውም አይጠብቅም። የድሮው መስመር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ የሚሰጠውን አገልግሎት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ2009 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር ተመርቋል። የመጀመሪያዎቹ የናፍጣ ባቡሮች ሲመጡ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ አንዳጅ ዛሬ በሕይወት ቢኖር ዕድሜው ከዘጠና ያለፈ ነው። በፎቶግራፉ ላይ የቆሙትን ሰዎች በስም የሚጠራልን የመጨረሻው ሰው እርሱ ነው። እርሱ ካለፈ በኋላ ፎቶግራፉ ቢቀር እንኳ ስም የሌለው ፊት ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ በቤቱ አሮጌ ፎቶግራፍ ያለው ሰው ሁሉ፥ የባቡርም ይሁን የሲራራ፥ የገበያም ይሁን የመንገድ ሥራ፥ ከሣጥኑ አውጥቶ ለቤተሰቡ አዛውንት ያሳይ። የተነገረውን ስም፥ ቦታና ዓመት በጀርባው ላይ በቀለም ሳይሆን በእርሳስ ቀስ ብሎ ይጻፍ፤ ቀለም ወደ ፊቱ ዘልቆ ያበላሻልና። ዓመቱ ካልታወቀ በግምት የተጻፈ መሆኑን ያመልክት። ዋናውን በቤቱ አስቀምጦ ግልባጩን ለዘመድ፥ ለትምህርት ቤት፥ ለወመዘክር ወይም ለኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቢሰጥ ሀብቱ አይጐድልበትም። በመሥሪያ ቤት ያለን ሠራተኞችም ቢሮ ስንለውጥና መዝገብ ቤት ስናጸዳ፥ ከአሮጌ ፋይል ውስጥ የሚወድቀውን ፎቶግራፍ ከቆሻሻው ጋር ከመጣላችን በፊት ጀርባውን ገልብጠን እንመልከት።

ባቡሩን የሠራው የብዙ ሰው ጕልበት ነው። ታሪኩንም የሚያቆየው አንድ ሊቅ ብቻውን ሳይሆን፥ ያለውን ለሌላው የሚያካፍል የብዙ ሰው እጅ ነው።