መልማል ኢያሱ ስለተባለው ስም
በጎንደር ቤተ መንግሥት ከክርስትና ስምና ከስመ መንግሥት ይልቅ ዘመን የሚሻገረው ብዙ ጊዜ ሦስተኛው ስም ነው። የቋራይቱ እቴጌ በክርስትና ወለተ ጊዮርጊስ፥ በስመ መንግሥት ብርሃን ሞገሳ ነበሩ፤ ዛሬ ግን ምንትዋብ ካልተባሉ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ይህ ስም ቁልምጫ ብቻ ነው። በወዳጃቸው ላይ የወጣው ግን ተንኰልም አለበት።

ዐፄ በካፋ በ1723 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ እቴጌይቱ ለሕፃኑ ልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው ሲገዙ፥ በዕድሜ የሚያንሱትን የባላቸውን ዘመድ ግራዝማች ኢያሱን ወደዱ፤ ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለዱላቸው። ንጉሡም ኢያሱ፥ ወዳጅም ኢያሱ! መለያ ያስፈልግ ነበርና «መልማል ኢያሱ» ተባሉ።

የውጭ አገር ጸሐፊዎች ስሙን በሴት ሀብት የሚኖር፥ ተቀላቢ ብለው ፈትተውታል። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ፍቺ ስድቡን ይዞ ቁልምጫውን ጥሎታል። መለመለ ማለት ከብዙ መካከል መርጦ ለየ ማለት ነው፤ ቅጠልና ጭራሮን ገፎ እንጨቱን አለሰለሰ ማለትም ነው። እንግዲህ ስሙ ከዚህ ግስ ጋር ሲነበብ ሰሙ «ምርጡ»፥ ወርቁ «የተገፈፈው» ይሆናል፤ ተናጋሪው ቢጠየቅ «ማመስገኔ ነው» ብሎ ያመልጣል። በእቴጌይቱ ላይ በግልጥ የማይደፈረው ሐሜት በዚህ መንገድ ያለ ፍርሃት ይነገር ነበር።

ዋጋውን የከፈሉት ግራዝማች ናቸው፤ ከቀልዱ ውጭ የሚነገርላቸው እጅግ ጥቂት ነው። ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር ግን ራስ ሚካኤልን አግብተው በጎንደር ፖለቲካ ታላቅ ስፍራ ይዘዋል። የአማቹም ቅጽል ስሑል ነበር፤ በግዕዝ የተሳለ ማለት ነው።